ከአረንጓዴው እገዳ ጀርባ

ሲድኒ ውስጥ ዘ ሮክስ የሚባለውን አሮጌ ሰፈር የሚያስጎበኙ ሰዎች ስለ ጃክ መንዲ መናገር ይወዳሉ። ሰፈሩን ከቡልዶዘር ያዳነ ጀግና ነው ይሏችኋል፤ እውነት ነው። እኛ ሳይት የምንውለው ግን ሻይ ሰዓት ላይ የምናነሳው ሌላ ነገር አለ። ሹክ ልበላችሁ፦ የዚያ ሁሉ ጉልበት ምንጩ መንዲ ይመራው የነበረው የግንባታ ሠራተኞች ማኅበር የውስጥ ደንብ ነበር።

ጊዜው እ.ኤ.አ. 1971 ነው። ሃንተርስ ሂል የባለጸጎች ሰፈር ነው። እዚያ የቀረችው የውሃ ዳር ጫካ፣ ኬሊስ ቡሽ፣ ተመንጥራ የቅንጦት ቤት ሊሠራባት ሆነ። 13 ሴቶች ያላንኳኩት የባለሥልጣን በር አልነበረም። በመጨረሻ ወደ ኒው ሳውዝ ዌልስ የግንባታ ጉልበት ሠራተኞች ማኅበር ሄዱ። መሠረት ቆፋሪና ኮንክሪት አፍሳሽ ስለ ሀብታም ሰፈር ጫካ ምን አገባው? ማኅበሩም ወዲያው እሺ አላለም፤ መጀመሪያ ነዋሪውን ሰብስቡ፣ ጥያቄው ከእሱ ይምጣ አለ። ሕዝቡ ተሰብስቦ ጠየቀ፤ ማኅበሩም አባላቱ እዚያ እንዳይሠሩ እገዳ ጣለ፤ አረንጓዴ እገዳ የሚባለው ይህ ነው። ቤቶቹን ሊሠራ የነበረው ኩባንያ የማኅበሩ አባል ባልሆኑ ሰዎች አሠራለሁ ብሎ ሲዝት፣ ኖርዝ ሲድኒ ውስጥ የዚሁ ኩባንያ ሕንፃ ላይ የሚሠሩት አባላት አንዲት ዛፍ ከተነካች ይህ ሕንፃ ለዘላለም ጅምር ሆኖ ይቀራል ብለው ላኩበት። ጫካዋ ዛሬም አለች።

ነዋሪ ሳይጠይቅ እገዳ የለም፤ ይህ አንዱ ደንብ ነው። ሌላው መሪዎቹን የሚመለከት ነበር፤ ደመወዛቸው ከሳይት ሠራተኛው አይበልጥም፣ የሥልጣን ዘመናቸውም የተገደበ ነው። መንዲ ስሙ በናኘበት በ1973 ዋና ጸሐፊነቱን ለጆ ኦወንስ አስረክቦ ወረደ። ወንበሩን ለመልቀቅ የተዘጋጀን ሰው በምን ታስፈራራዋለህ? በእነዚህ ዓመታት ከ40 በላይ እገዳዎች ተጥለዋል።

የማኅበሩ ውድቀት የመጣው ግን ከገዛ ወንድሞቹ ነው፤ ይህን ስናወራ ድምፃችንን ዝቅ እናደርጋለን። በ1974 በኖርም ጋላገር የሚመራው የፌዴራል ማኅበር የኒው ሳውዝ ዌልሱን ቅርንጫፍ ሊጠቀልል መጣ። አሠሪዎችም የፌዴራሉን መታወቂያ ያልያዘ ሥራ የለውም አሉ። በ1975 የሲድኒዎቹ እጅ ሰጡ። እገዳ ተጥሎበት የነበረውን የሲድኒውን ቪክቶሪያ ጎዳና መፍረስ በጋዜጣዋ ስትቃወም የነበረችው ዋኒታ ኒልሰን በዚያው ዓመት ጁላይ ላይ እንደወጣች ቀረች፤ አስከሬኗ እስከ ዛሬ አልተገኘም።

እኔን የሚያንገበግበኝ ሲሪየስ ነው። ያ የኮንክሪት ሕንፃ የዘ ሮክስ እገዳ ፍሬ ነው፤ የመንግሥት ቤት ተከራዮች ከሰፈራቸው እንዳይነቀሉ ተብሎ የተሠራ። በ2016 ሊፈርስ ሲል የሠራተኛ ማኅበራት እንደገና አረንጓዴ እገዳ ጣሉ፤ መንዲም በስተርጅና አብሯቸው ቆመ። ሕንፃው ከመፍረስ ተረፈ። ተከራዮቹ ግን አንድ በአንድ እንዲወጡ ተደረገ፤ በ2019 መንግሥት ሕንፃውን በ150 ሚሊዮን ዶላር ሸጠው። የድሮዎቹ የታገሉት ለግድግዳው ብቻ አልነበረም፤ ከግድግዳው ጀርባ ለሚኖረው ሰው ነበር።