ያገለገለ ላፕቶፕ፦ ዋጋ ከመቆረጡ በፊት ፍላሽ ይቅደም

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ነፃ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ተተኪው ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 የተባለውን የደኅንነት ቺፕ ይጠይቃል፤ ከ8ኛው ትውልድ በፊት የተሠሩትን አብዛኞቹን የኢንቴል ፕሮሰሰሮችም አይቀበልም። በዚህ ምክንያት ገና ብዙ መሥራት የሚችሉ ላፕቶፖች "አሮጌ" የሚል ስም ወጥቶላቸዋል።

በነፃ የሚገኘው ሊኑክስ እነዚህን ዕቃዎች መልሶ ለሽያጭ ሊያበቃቸው ይችላል። ሆኖም በሁሉም ላይ እኩል አይሠራም። ስለዚህ ገዢው፣ በተለይም በጅምላ የሚያነሣው ነጋዴ፣ ገንዘቡን ከመቁጠሩ በፊት ዕቃውን እዚያው ሱቅ ውስጥ መፈተን ይኖርበታል።

ኡቡንቱ የተባለው የሊኑክስ ዓይነት ቢያንስ 8 ጊጋባይት በሚይዝ ፍላሽ ላይ ተዘጋጅቶ ይያዛል። ላፕቶፑ ሲበራ በዴልና በሌኖቮ ቲንክፓድ ኤፍ 12፣ በኤች ፒ ደግሞ ኤፍ 9 ተጭኖ ከፍላሹ ይነሣል። ሳይጫን የመሞከሩ ምርጫ ከተወሰደ ዲስኩ ላይ ያለው ነገር ስለማይነካ ሻጩ የሚሰጋበት ምክንያት የለም። ማሽኑ የባዮስ የይለፍ ቃል ጠይቆ ሻጩ የማያውቀው ከሆነ ግን፣ ከሊኑክሱ በፊት ዕቃው ከየት እንደመጣ መጠየቅ ይሻላል።

አብዛኛውን ጊዜ ጣጣ የሚያመጣው ዋይፋዩ ነው። የኢንቴል ካርድ ያላቸው ብዙውን ጊዜ ያለችግር ይገናኛሉ። ብሮድኮም ካላቸው አንዳንዶቹ ግን ድራይቨሩ ለብቻው እስኪጫን ድረስ ኔትወርክ አያዩም። ይህ ዕቃውን ከንቱ አያደርገውም፤ ዋጋ ለማስቀነስ ግን ይበቃል። ድምፅ፣ ካሜራና ማይክሮፎንም ይሞከራሉ። ክዳኑን ዘግቶ መልሶ መክፈት አይዘንጋ፤ አንቀላፍቶ የማይነቃ ላፕቶፕ አለ። የጣት አሻራ ማንበቢያው ባይሠራ አያስደንቅም።

በጅምላ ለሚገዛ ትልቁ ወጥመድ ሌላ ነው። አንድ የሞዴል ቁጥር ያላቸው ላፕቶፖች ሁሉ አንድ ዓይነት የዋይፋይ ካርድ ላይኖራቸው ይችላል። ደላላው ከ20ው አንዱን አስነሥቶ "ሌላውም ይኸው ነው" ቢል አይበቃም፤ ፍላሹ በእያንዳንዱ ላይ መሰካት አለበት።

መልሶ የሚሸጥ ነጋዴ ደንበኛውንም ማወቅ ይኖርበታል። በፒችትሪ የሚሠራ የሒሳብ ክፍል፣ ፕሮግራሙ ለዊንዶውስ የተሠራ በመሆኑ፣ ሊኑክስ የተጫነበትን አይወስድም። ለጽሑፍ፣ ለኢንተርኔትና ለኢሜይል የሚፈልገው ግን ከነአማርኛ ኪቦርዱ ያገኘዋል።