ከመንካት በፊት፦ በሆስፒታል ስለ እጅ ንጽህና የሚባለውና እውነታው

ከባሕር ዳር ወደ እንጅባራ በሚወስደው አስፋልት ሠላሳ ጥቂት ኪሎ ሜትር ሲኬድ መራዊ ይደረሳል። የሜጫ ገበሬም ሆነ ምጥ የያዛት እናት በቅርብ የሚያገኙት ሆስፒታል የከተማዋ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ነው። በአገሪቱ የጤና መዋቅር በዚህ ደረጃ ያለ ሆስፒታል ከ60 ሺህ እስከ 100 ሺህ ሰው እንዲያገለግል የታሰበ ነው። ከአቅም በላይ የሆነ ታካሚ ባሕር ዳር ወዳሉት ትልልቅ ሆስፒታሎች፣ ወደ ፈለገ ሕይወት ወይም ወደ ጥበበ ግዮን፣ ሪፈር ይጻፍለታል። ሪፈር የተጻፈለት ሰው በዋርድ የያዘውን ጀርምም ይዞ ይሄዳል፤ ታክሞ የሚመለሰውም እንዲሁ። ስለዚህ መራዊ ላይ ያለ የአንድ ነርስ እጅ ጉዳይ ባሕር ዳርንም ይመለከታል።

ነገሩ ቀላል አይደለም። በፈለገ ሕይወትና በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎች ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት፣ ተኝተው ከሚታከሙት 14.9 በመቶ የሚሆኑት እዚያው ሆስፒታል የያዛቸው ኢንፌክሽን እንዳለባቸው አግኝቷል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ሪፖርትም በዝቅተኛና በመካከለኛ ገቢ አገሮች ከ100 ተኝቶ ታካሚዎች 15ቱ፣ በሀብታም አገሮች ደግሞ 7ቱ እንዲህ ያለ ኢንፌክሽን ያገኛቸዋል። ከተያዙት ከአሥር አንዱ ይሞታል። ይህ ሁሉ እያለ ስለ እጅ ማጽዳት ከባለሙያውም ከታካሚውም አፍ የማይጠፉ እምነቶች አሉ።

«እጅ መታጠብማ ያደግንበት ነው»

እውነት ነው፣ ያደግንበት ነው። በየቤታችን ገበታ ከመቅረቡ በፊት ማስታጠቢያ ይዞራል፤ ልጅ ለእንግዳ ውሃ ያፈሳል፤ ከማዕዱ በኋላም ይደገማል። ነገር ግን የቤቱ መታጠብ የሚጠብቀው የሚታጠበውን ሰው ነው፤ የምጎርሰው እንዳይበከል ነው የምታጠበው። ዋርድ ውስጥ ግን እጅ የሚጸዳው በቅድሚያ ለሌላው ሰው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 ያወጣው መመሪያ አምስት ጊዜያትን ይለያል፦ ታካሚን ከመንካት በፊት፤ ካኑላ እንደ መትከልና ቁስል እንደ መጥረግ ካለ ንጽህና ከሚፈልግ ሥራ በፊት፤ ደምና ሌላ የሰውነት ፈሳሽ ከተነካ በኋላ፤ ታካሚን ከነኩ በኋላ፤ አልጋውን ወይም በዙሪያው ያለውን ዕቃ ከነኩ በኋላ።

ይበልጥ የሚዘነጋው «በፊት» የሚለው ነው። በብዙ አገሮች የተደረጉ ምልከታዎች ባለሙያዎች ከነኩ በኋላ የመታጠብ ልማዳቸው ከመንካታቸው በፊት ካለው የተሻለ መሆኑን ደጋግመው አሳይተዋል፤ ራስን መጠበቅ ሳይታሰብም ይመጣልና። አዋላጇ ደም የነካ እጇን ሳትታጠብ ከማዋለጃ ክፍል አትወጣም። ስልክ ያነሳችበትን፣ ካርድ የገለጠችበትን፣ የበር እጀታ የያዘችበትን እጅ ግን እንዳለ ወደሚቀጥለው አልጋ ይዛው ልትሄድ ትችላለች። እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ይህ ክፍተት ነው።

«እጄ ላይ የሚታይ ቆሻሻ የለም»

እ.ኤ.አ. በ1847 በቪየና አጠቃላይ ሆስፒታል ኢግናዝ ሴመልዌይስ የተባለ ሐኪም የተጋፈጠው ይህንኑ እምነት ነበር። ሐኪሞችና ተማሪዎች አስከሬን ከሚመረምሩበት ክፍል በሳሙና ታጥበው ይወጡና እናቶችን ያዋልዱ ነበር። እጃቸው ንጹህ ይመስላል፤ ሽታው ግን አይለቅም። በዚያ ዓመት ሚያዝያ ላይ በክፍሉ ከሚወልዱት እናቶች 18.3 በመቶው ሞቱ። ሴመልዌይስ ሁሉም እጁን በክሎሪን ውሃ እንዲያጸዳ ካዘዘ በኋላ፣ በሰኔ፣ ቁጥሩ ወደ 2.2 በመቶ ወረደ። ያም ሆኖ ብዙ የሙያ ባልደረቦቹ አላመኑትም። ጨዋ ሐኪም እጁ ሰው ይገድላል መባሉን መቀበል ከበዳቸው። ያ ስሜት ዛሬም ያልጠፋ ይመስለኛል፤ «እጅህን አጽዳ» መባልን እንደ ስድብ የሚቆጥር ባለሙያ ጥቂት አይደለም።

እዚህ ላይ ስለ በረኪናም አንድ ነገር ማለት ያስፈልጋል። ሴመልዌይስ በክሎሪን ተጠቅሟልና ዕቃ የሚነከርበት ባለ 0.5 በመቶ የበረኪና ውሃ ለእጅም ይበጃል የሚል አለ። አይበጅም። ያ መጠን ለዕቃና ለወለል ነው፤ ቆዳን ያቃጥላል፤ የተሰነጣጠቀ ቆዳ ደግሞ ይበልጥ ጀርም ይይዛል። ሌላ ምንም አማራጭ ሲጠፋ ብቻ አሥር ጊዜ የቀጠነው፣ 0.05 በመቶው፣ ለእጅ ይፈቀዳል።

«ጓንት አድርጌያለሁ»

ከሁሉም በላይ ጉዳት የሚያደርሰው ይህኛው ይመስለኛል፤ ጥንቃቄ መስሎ ስለሚታይ። ጓንት የባለሙያውን እጅ ከደም ይጠብቃል። ታካሚውን የሚጠብቀው ግን ለእሱ ተብሎ በጸዳ እጅ ሲደረግና ከእሱ ጋር ሥራው ሲያልቅ ሲወልቅ ብቻ ነው። በአንድ ጓንት የአንዱን ቁስል ነክቶ፣ እስክሪብቶ ይዞ፣ መጋረጃ ስቦ ወደሚቀጥለው ሰው መሄድ ባዶ እጅ ከመሄድ አይሻልም። ባዶ እጅ እንኳ ሲቆሽሽ ይሰማል፤ ጓንት ያደረገ ግን አይሰማውም። በዚያ ላይ ጓንት በዓይን የማይታይ ቀዳዳ ሊኖረው ይችላል፤ ሲወልቅም በውጩ ያለው ወደ እጅ ይተላለፋል። ለዚህ ነው ከማድረጉ በፊትም ካወለቁት በኋላም እጅ መጽዳት ያለበት።

ጓንት ሲያጥር በአልኮል አብሶ ለሌላ ታካሚ መጠቀምም አለ። አንድ ጊዜ ተጠቅመው እንዲጥሉት የተሠራ ጓንት ለዚህ አልተሠራም፤ ላስቲኩ ይደክማል፣ ጀርሙም ሙሉ በሙሉ መልቀቁ እርግጠኛ አይደለም። ይልቅ እጥረቱን የሚያቃልለው ጓንት በማያስፈልግበት ቦታ አለመጠቀም ነው። የደም ግፊት ለመለካት፣ ሙቀት ለመውሰድ፣ ቁስል የሌለው ቆዳ ለመዳሰስ እንደ ልማድ ጓንት አያስፈልግም፤ የጸዳ እጅ ይበቃል። በዚህ የተረፈው ጓንት ለማዋለጃና ለድንገተኛ ክፍል ይደርሳል።

«አልኮል ውሃና ሳሙናን አይተካም፤ ቆዳም ያበላሻል»

በዓይን የሚታይ ቆሻሻ በሌለበት እጅ ላይ አልኮል ከውሃና ከሳሙና ይበልጣል። ለማሸት ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ይበቃዋል፤ በሳሙና በደንብ መታጠብ ግን ከ40 እስከ 60 ሰከንድ ይወስዳል፣ ወደ ቧንቧው መመላለሻው ሳይቆጠር። 30 ታካሚ የምታይ ነርስ ለእያንዳንዱ በፊትና በኋላ ሙሉ ደቂቃ ብትታጠብ አንድ ሰዓት ያልፋታል፤ በአልኮል ከግማሽ ሰዓት አይበልጥም። ቆዳንም ቢሆን ግሊሰሪን የተጨመረበት አልኮል ከተደጋጋሚ የሳሙና መታጠብ ያነሰ ያደርቀዋል። የሚያቃጥለው ብዙ ጊዜ ቀድሞ የተሰነጠቀ ቆዳ ላይ ሲደረግ ነው።

ሳሙናና ውሃ ግድ የሚሆንበትም ጊዜ አለ፦ ደም ወይም ሌላ ቆሻሻ እጅ ላይ ሲታይ፣ ከመጸዳጃ ቤት ሲመጣ፣ አልኮል የማይገድለው፣ ስፖር የሚሠራ ጀርም የሚያመጣው ተቅማጥ ሲጠረጠር። ታጥቦ በለበሱት ጋዎን ወይም ሁሉም በሚጠርግበት ፎጣ ማድረቅ ግን ድካሙን ከንቱ ያደርገዋል።

«ውሃው ሲስተካከል ያኔ ይሆናል»

የውሃ ችግሩ እውነተኛ ነው። በዓለም ግማሽ ያህሉ የጤና ተቋማት ታካሚ በሚታይበትና በመጸዳጃ ቤት መሠረታዊ የእጅ ማጽጃ እንደሌላቸው የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. በ2022 ተናግረዋል። ቧንቧ ደርቆ ባለሙያውን ብቻ መውቀስ ግፍ ነው። ግን መጠበቅም አያስፈልግም። የዓለም ጤና ድርጅት ለእንዲህ ያለ ቦታ ብሎ ያወጣው የእጅ ማጽጃ አልኮል አቀማመም አለ። ለ10 ሊትር 8,333 ሚሊ ሊትር ባለ 96 በመቶ ኢታኖል፣ 417 ሚሊ ሊትር ባለ 3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ፣ 145 ሚሊ ሊትር ግሊሰሪን ይቀላቀልና ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ይሞላል። ከዚያ ንጹህ ጠርሙስ ውስጥ ገብቶ 72 ሰዓት ይቀመጣል። ኢታኖሉ እሳት ይወዳል፤ መቀመሙ የሠለጠነ የፋርማሲ ባለሙያ ሥራ ነው። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ የአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች ሳኒታይዘር ቀምመው አከፋፍለዋል። እውቀቱ አገር ውስጥ አለ።

ጠርሙሱ የሚቀመጥበት ቦታ ደግሞ ከመጠኑ ይበልጥ ወሳኝ ነው። በሐኪሞች ክፍል ቁም ሳጥን የተቆለፈበት አልኮል እንደሌለ ይቆጠራል። የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎች ከ1994 እስከ 1997 እ.ኤ.አ. አልኮሉን አልጋው አጠገብና በባለሙያው ኪስ አድርገው፣ ምን ያህል እንደሚጠቀሙ እየለኩ ውጤቱን ለሠራተኛው ሲነግሩ፣ እጅ የማጽዳት ልማዱ ከ48 ወደ 66 በመቶ ወጣ፤ የሆስፒታል ኢንፌክሽኑም ከ16.9 ወደ 9.9 በመቶ ወረደ።

«ስልጠና ቢሰጣቸው ይለወጣሉ»

ስልጠና ይረዳል፤ ብቻውን ግን አይበቃም። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት የባለሙያዎቹን የእጅ ማጽዳት ልማድ 16.5 በመቶ ሆኖ አገኘው። በዚያው ዓመት የታተመ የአዲስ አበባ ጥናት ደግሞ ከእጅ ንጽህና ዘመቻ በፊት 2.1 በመቶ የነበረው ልማድ ከዘመቻው በኋላ 12.7 በመቶ መድረሱን መዘገበ። እነዚህ ሰዎች ትምህርት ያነሳቸው አልነበሩም። ጀርም ምን እንደሆነ ያውቃሉ፣ ፈተናውንም አልፈዋል። የጎደላቸው እጃቸው የሚደርስበት ጠርሙስ፣ በየወሩ የሚያይና ውጤቱን የሚነግራቸው ሰው፣ በየፈረቃው ያነሰ የታካሚ ብዛት ነው። ወርክሾፕ ብቻ አዘጋጅቶ ለውጥ የሚጠብቅ ኃላፊ የአልኮል በጀቱን አስቀድሞ ይይ።

እጅ ባይጸዳም ታካሚው ለማንኛውም አንቲባዮቲክ ይሰጠዋል የሚል ሐሳብም አለ። የዋርድ ጀርሞች ለብዙዎቹ አንቲባዮቲኮች እየለመዱ ነው። በእጅ የተላለፈውን በመርፌ ማሳደድ በየዓመቱ እየከበደ ይሄዳል።

«ታካሚ ሐኪምን አይጠይቅም»

በኛ ባህል ዶክተሩን ወይም ሲስተሯን «እጅዎን አጽድተዋል?» ብሎ መጠየቅ ድፍረት ይመስላል፤ ከገጠር ለመጡ አዛውንት ደግሞ ጨርሶ አይታሰብም። ሸክሙን በታካሚው ላይ መጣሉም አግባብ አይደለም። ይልቅ አስታማሚዎቹን እናስብ። በዋርዶቻችን የሚያጎርሱት፣ የሚያገላብጡት፣ ሽንት የሚደፉት እነሱ ናቸው፤ ስለ እጅ ንጽህና ግን የሚነግራቸው የለም። አልጋው ጫፍ የተንጠለጠለው ጠርሙስ ለእነሱም እንደሆነ ሲገቡ አንድ ሰው ሁለት ደቂቃ ወስዶ ያስረዳቸው። የጠዋቱን ራውንድ የሚመራው ሐኪምም በየአልጋው ፊት ታካሚው እያየው አልኮሉን እጁ ላይ ካሸ፣ ከኋላው ያሉት ኢንተርንና ነርሶች ያንኑ ያደርጋሉ፤ ታካሚውም መጠየቅ አያስፈልገውም።