ልጅን የሚያስተምረው የኔታ ብቻ አይደለም
(የደብረ ታቦርን በዓል ምክንያት በማድረግ የቀረበ)

በየዓመቱ ነሐሴ 13 ቀን የሚከበረው የደብረ ታቦር በዓል ከጌታችን ዘጠኝ ዐበይት በዓላት አንዱ ነው። ጌታችን መድኃኒታችን ኢየሱስ ክርስቶስ ጴጥሮስን፣ ያዕቆብንና ዮሐንስን ይዞ ወደ ተራራው በመውጣት ብርሃነ መለኮቱን የገለጠበት፣ ሙሴና ኤልያስም የተገኙበት ዕለት ነው። መምህር ለደቀ መዛሙርቱ ምሥጢሩን የገለጠበት ቀን በመሆኑም በዓሉ የተማሪ በዓል ይባላል። የአብነት ተማሪዎች በዓሉ ሳይደርስ በየመንደሩ እየዞሩ «ስለ ደብረ ታቦር» በማለት እህሉንና ጌሾውን ይለምናሉ፤ ጠላውን ጠምቀው፣ ዳቦውን ጋግረው የኔታንና የአካባቢውን ሰው ይጋብዛሉ። ዓመቱን ሙሉ ሲመግባቸው የኖረው መንደር በዚያን ዕለት በተማሪ ቤት እንግዳ ይሆናል።

ይህ ልማድ ከግብዣነቱ ያለፈ ትርጉም አለው። የልጅ ትምህርት በመምህር ብቻ የሚፈጸም ሳይሆን ጓደኛና መንደር የሚካፈሉት ሥራ መሆኑን ያስረዳል።

የባልንጀራ ትምህርት

በንባብ ቤት የኔታ አንድ ሲሆኑ ተማሪዎቻቸው ብዙዎች ናቸው። ሀሁ የሚቆጥረው፣ ከአቡጊዳ የደረሰው፣ ወንጌል የሚያነበውና ዳዊት የሚደግመው በአንድ ጥላ ሥር ይቀመጣሉ። ዳዊት የሚደግመው ወንጌል የሚያነበውን፣ እርሱም በተራው ፊደል ቆጣሪውን ያስጠናል። ታናሹ የኔታን ፈርቶ ያልጠየቀውን ከታላቁ ይጠይቃል፤ ታላቁም ለሌላው ሲያስረዳ የራሱ ዕውቀት ይጸናለታል። ሌሊት መብራት በሌለበት ጎጆ የቃል ትምህርት የሚጠናው በባልንጀራ ድምፅ ነው። በቅኔ ቤትም ተማሪው የቆጠረውን ቅኔ ይዞ በየኔታ ፊት ከመቆሙ በፊት በጓደኞቹ ዘንድ ይፈተናል፤ ስሕተቱንም በዚያው ያርማል።

የመንደር ድርሻ

ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በ1900 ዓ.ም. ተከፍቶ ዘመናዊው ትምህርት ከመጀመሩ አስቀድሞ፣ ለብዙ መቶ ዓመታት የአገራችንን ጸሐፍትና ሊቃውንት ያፈራው ይኸው የአብነት ትምህርት ነበር። ይህን ሁሉ ሊቅ የመገበው በአመዛኙ የገበሬው ማዕድ ነው። ቅኔ ፈልጎ ወደ ዋሸራ፣ ድጓ ፈልጎ ወደ ጋይንት ቤተልሔም የተጓዘው ልጅ ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቦ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየደጁ ይቆማል። የጎጃም እናት ለጎንደር ልጅ ቁራሽ ትሰጣለች፤ የእርሷን ልጅ ደግሞ የማታውቃት እናት በጎንደር ትመግበዋለች። አንዷ የሌላዋን ስም አታውቅም፤ ሁለቱም ግን የሌላዋን ልጅ አስተምረዋል።

የሆያ ሆዬ ጭፈራም እንዲሁ ትምህርት ቤት ነው። አንዱ ያወርዳል፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ። ዘንድሮ ተቀባይ የሆነው ሕፃን ቃሉንና ዜማውን ከታላላቆቹ ሰምቶ ከጥቂት ዓመታት በኋላ አውራጅ ይሆናል። ማንም ወንበር ላይ አስቀምጦ አላስተማረውም። የቤቱ እመቤትም ሙልሙሉን ስትሰጥ «በርታ፣ እደግ» ብላ ትመርቀዋለች። በቅርብ ሳምንታት በዕንቁጣጣሽ የሚከተሉት ልጃገረዶችም ጭፈራቸውን የሚማሩት በዚሁ መንገድ ነው።

ባልንጀራ ያንጻል፣ ያፈርሳልም

ይሁን እንጂ ባልንጀርነት ሁሉ መልካም አይደለም። አበው «ከአህያ ጋር የዋለች ጊደር» ብለው የጀመሩትን ተረት አንባቢ ራሱ ይጨርሰዋል። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ቅዱስ ባስልዮስና ቅዱስ ጎርጎርዮስ በአቴና አብረው ሲማሩ ከቤተ ክርስቲያንና ከመምህራን ቤት በቀር ሌላ መንገድ አልፈለጉም፤ አንዱ ለሌላው ጠባቂ ነበር። በዚያው ከተማ በዚያው ዘመን የተማረው ዑልያኖስ ግን ኋላ ነግሦ ክርስትናን የካደ ሆነ። ከተማው አንድ ሲሆን ፍሬው ተለያየ። ስለዚህ ወላጅ ልጁ ምን እንደተማረ ብቻ ሳይሆን ከማን ጋር እንደዋለም ሊጠይቅ ይገባል።

የዛሬው አደራ

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ፣ ደብተርና መጽሐፍ ከልጆቹ ጋር ቤት ውስጥ ነበሩ፤ ባልንጀሮቻቸው ግን አልነበሩም። ቤት መዋል ለትምህርት እንደማይበቃ በዚያን ጊዜ ብዙ ወላጆች ተረድተዋል። ሆኖም ዛሬም በከተማ ብዙ ሕፃናት በተዘጋ በር ውስጥ ከስልክ ጋር ብቻቸውን ይውላሉ። የጎረቤትን ልጅ ጥፋት አይቶ የሚገሥጽ ሰው እየጠፋ ነው፤ ቢገሥጽም «ምን አገባህ» የሚለው ወላጅ ይቀድመዋል። ልጁ ሲደክም ደግሞ ተወቃሹ መምህሩ ብቻ ይሆናል። በአብነት ትምህርት ቤትም ቢሆን ቁራሽ የሚሰጥ እጅ ከታጠፈ ጉባኤው ይፈታል፤ ጉባኤው ከተፈታም የኔታ ዕውቀታቸውን የሚያወርሱት ደቀ መዝሙር አያገኙም።

መፍትሔው ከደጃችን የራቀ አይደለም። ታላቅ ልጅ ለታናሹ ያስጠና። ጎረቤታሞች ልጆቻቸውን በአንድ ቤት ሰብስበው በፈረቃ ይጠብቁ፣ ሲያጠፉም በፍቅር ይገሥጹ። የአብነት ተማሪ በደጃችን ሲቆም በሩ አይዘጋበት። በዚህ ቡሄ ሙልሙሉን ስንሰጥም የልጁን ስም እንጠይቅ፣ ስለ ትምህርቱም እናነጋግረው፤ ልጅ የሚያውቀውና የሚከታተለው መንደር ሲኖረው ይበረታልና።

እንኳን ለብርሃነ ደብረ ታቦር በሰላም አደረሳችሁ!