በ13 ዓመት የተለካ ፍጥነት

በእስራኤሏ ከተማ በቂርያት ጋት ልጁን ወደ ኳስ ልምምድ የሚያመላልስ ወላጅ ሁሉ ይህን ክርክር ሰምቶታል። ለክንፍ ቦታ የሚፈለገው ልጅ በሩጫው ይመረጥ ወይስ በኳስ ችሎታው? አንዱ ወገን ፍጥነት ከእናት ማህፀን ይዘውት የሚመጡት ነው፣ ኳስ ማቆምና ማቀበል ግን ይለመዳል ይላል። ሌላው ደግሞ ኳስ ሲደርሰው የሚደነግጥ ፈጣን ልጅ ለሩጫ እንጂ ለኳስ አልተፈጠረም ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም ወገን የሚደግፈው አሠልጣኝ አለው፣ ሁለቱም ምሳሌ አያጣም። ለእኔ ግን ሁለቱም አንድ ትልቅ ነገር ዘለው የሚከራከሩ ይመስለኛል፤ ሰዓት በተያዘበት ቀን የልጁ ሰውነት ምን ያህል አድጎ እንደነበረ።

የፍጥነት ወገኖች ያለ ምክንያት አይናገሩም። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ አንድ ጥናት በጀርመን ቡንደስሊጋ የተቆጠሩ 360 ግቦችን በቪዲዮ መርምሮ ነበር። ግብ አስቆጣሪው ከማስቆጠሩ በፊት ከምንም በላይ አዘውትሮ ያደረገው ቀጥ ያለ የፍጥነት ሩጫ ሆኖ ተገኘ፤ ከግቦቹ 45 በመቶ ያህሉ እንዲህ የተገኙ ናቸው። ስለዚህ ፍጥነት አያስፈልግም የሚል ሰው ኳስ እያየ አይደለም።

ይህ ሙግት ብዙ ገንዘብ የሚፈስበት ቦታ የአሜሪካ ፉትቦል ነው። እዚያ በመስመር ሮጠው ረጅም ኳስ የሚቀበሉ ወጣቶች ሲመለመሉ 40 ያርድ፣ ማለትም 36 ሜትር ከግማሽ ያህል፣ እየሮጡ ሰዓት ይያዝባቸዋል። በ2017 ጆን ሮስ የተባለው ወጣት በ4.22 ሰከንድ ጨርሶ የዚያን ጊዜ ክብረ ወሰን ሰበረ፤ የሲንሲናቲ ቡድንም በ9ኛ ተራ ወሰደው። በመጀመሪያው የውድድር ዘመን አንድም ኳስ ሳይቀበል ቀረ። በዚያው ምልመላ 4.62 የሮጠው ኩፐር ከፕ እስከ 69ኛ ተራ ድረስ አልተጠራም ነበር፤ በ2021 የውድድር ዘመን ግን በተቀበላቸው ኳሶች ብዛት፣ በሸፈነው ርቀትና በተችዳውን (በዚያ ጨዋታ ግብ) ከሊጉ ሁሉ አንደኛ ወጣ። በሌላ በኩል የሰዓቱ ደጋፊዎች በፍጥነቱ ለዓመታት ተከላካዮችን ሲያስጨንቅ የኖረውን ታይሪክ ሂልን ይጠቅሳሉ፤ እውነታቸውን ነው።

ሆኖም እነዚያ ተመልማዮች ወደ 20ዎቹ ዕድሜያቸው የገቡ፣ ዕድገታቸውን የጨረሱ ሰዎች ናቸው። ሰዓቱ ስለ ችሎታቸው ባይናገርም፣ የለካው የራሳቸውን ፍጥነት ነው። በ12 እና በ13 ዓመት ልጅ ላይ የተያዘ ሰዓት ይህን እንኳ በእርግጠኝነት አይነግረንም።

የወንድ ልጅ ቁመት ከሁሉ በበለጠ የሚመዘዝበት ወቅት በአማካይ 14 ዓመት አካባቢ ነው። አንዱ ግን በ12 ዓመቱ ድምፁ ይጎረንናል፤ አብሮት የሚማረው በ15 ዓመቱም ገና ልጅ ነው። በልደት ወረቀት እኩያ የሆኑ ሁለት ልጆች በአጥንታቸው ዕድሜ 3 ዓመትና ከዚያ በላይ ሊራራቁ ይችላሉ። ቀድሞ የጎረመሰው እግሩ ረዝሟል፣ ጡንቻው ጠንክሯል፤ በ30 ሜትር ሩጫ ጓደኛውን ጥሎት ይሄዳል። አሠልጣኙ ያየው ፍጥነት እውነተኛ ነው። ነገር ግን ከፊሉ የልጁ፣ ከፊሉ የጉርምስናው ነው፤ ሌሎቹ ሲጎረምሱ ሁለተኛው ድርሻ ይጠፋል። የተገላቢጦሹም አለ። በአንድ ክረምት ድንገት የተመዘዘ ልጅ አዲሱን እግሩን እስኪለምድ ይደናቀፋል፣ ጉልበቱን ያመዋል፣ ይዘገያል፤ አቋሙ ወረደ ተብሎም ተቀያሪ ወንበር ላይ ይቀመጣል።

የልደት ወርም በዚህ ላይ ይጨመራል። ፊፋ ለታዳጊ ውድድሮቹ የዕድሜ መቁረጫ ያደረገው ጃንዋሪ 1ን ነው፤ ስለዚህ በጃንዋሪ የተወለደ ልጅ በዚያው ዓመት ዲሴምበር ከተወለደው ጋር እኩያ ተብሎ ይመዘናል። ነገሩ በ1980ዎቹ በካናዳ የበረዶ ሆኪ ላይ በግልጽ ከተጠና ወዲህ በአውሮፓ የኳስ አካዳሚዎችም በተደጋጋሚ ታይቷል፤ በዓመቱ መጀመሪያ የተወለዱት ከድርሻቸው በላይ ይመረጣሉ።

ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል ለመጣነው ለእኛ ማኅበረሰብ ይህ የወረቀት ጉዳይ ብቻ አይደለም። በ1991 በዘመቻ ሰሎሞን በአውሮፕላን በ36 ሰዓት ውስጥ እስራኤል ከገቡት ከ14,000 በላይ ሰዎች መካከል የልደት ወረቀት ያልነበራቸው ብዙ ናቸው፤ ዕድሜያቸው የተጻፈው በግምት ነው። የዚያን ጊዜ ልጆች ዛሬ ወላጆች ሆነዋል፤ ልጆቻቸውም እዚሁ ሆስፒታል ተወልደው ቀናቸው በትክክል ተመዝግቧል። ከዚያ በኋላ በተከታታይ ከጎንደርና ከአዲስ አበባ የመጡ ቤተሰቦች ልጆች ግን ሁሉም ይህን ዕድል አላገኙም። አንድ ዓመት ተጨምሮበት የተጻፈ ልጅ ከሚበልጡት ጋር ተፎካክሮ ደካማ ይባላል። አንድ ዓመት የተቀነሰለት ደግሞ በመጀመሪያ ይወደሳል፣ ቆይቶም ባላጠፋው ጥፋት በማጭበርበር ይጠረጠራል። ፊፋ ራሱ በወረቀት ብቻ ስላልተማመነ በ2009 ናይጄሪያ ባዘጋጀችው የ17 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ የእጅ አንጓን በኤምአርአይ ማስመርመር ጀምሯል።

ከዚህም በላይ የሚያሳስበኝ ቀድሞ የሚለጠፈው ስም ነው። የኢትዮጵያዊ ቤተሰብ ልጅ ገና ኳስ ሳይነካ «ፈጣን ነው» ሲባል ሰምተናል፤ ከዚያም ወደ መስመር ይገፋል። የዚህ ስም ምንጭ የረጅም ርቀት ሩጫ ነው። ማሩ ተፈሪ በ2023 በቡዳፔስት የዓለም ሻምፒዮና ለእስራኤል የማራቶን ብር ሲያመጣ ሁላችንም ኮርተናል። ነገር ግን ለ42 ኪሎ ሜትር የሚበቃ ልብና ሳንባ ከ30 ሜትር ፍጥነት ጋር ያለው ዝምድና ሩቅ ነው። ኢትዮጵያ ከ800 ሜትር በታች ባለ ሩጫ አንድም የኦሎምፒክ ሜዳሊያ የላትም። እንግዲህ ስሙ የልጁን እግር ሳይሆን የአያቶቹን አገር አይቶ የወጣ ነው። የማኅበረሰባችን ልጅ ባሩክ ዴጎ ግን በ2004 ከማካቢ ቴል አቪቭ ጋር በቻምፒዮንስ ሊግ የተጫወተው በአጥቂ አማካይ ቦታ ነበር። ቀድሞ በተለጠፈ ስም ወደ መስመር የሚገፋ ልጅ ለመሐል ሜዳ ይበቃ እንደሆነ እንኳ አይሞከርም።

ጉዳቱ በሁለቱም ልጆች ላይ ይደርሳል። ፈጣኑ ልጅ ከተከላካይ ጀርባ ኳስ እየተጣለለት ሮጦ ያገባል፤ አብዶ መሥራት፣ በግራ እግር ማቀበል፣ ኳስ ሳይደርስ ቀና ብሎ ማየት አያስፈልገውም፤ ስለዚህም አይማረውም። በ17 ዓመቱ ሌሎቹ ሲደርሱበት እጁ ላይ የቀረ ነገር የለም። ዘግይቶ የሚያድገው ልጅ በጉልበት ስለማይችል በጭንቅላቱ መጫወት ይማራል፤ ግን ትምህርቱ ሳይከፍለው በ13 ዓመቱ ይሰናበታል። አሠልጣኙን ብቻ መውቀስም አይገባም። የሚመዘነው በየሳምንቱ ውጤት ነው፤ የ13 ዓመት ልጆች ጨዋታን ደግሞ ትልልቅ ልጆች ያሸንፋሉ።

መውጫ የሞከሩ አሉ። የቤልጂየም እግር ኳስ ፌዴሬሽን ዘግይተው ለሚያድጉ ታዳጊዎች የተለየ ብሔራዊ ቡድን አቋቁሟል። በእንግሊዝ ደግሞ ፕሪሚየር ሊጉ የአካዳሚ ልጆችን በልደት ዓመት ሳይሆን በሰውነት ዕድገት ደረጃ የሚያጋጥሙ ውድድሮችን ሞክሯል። ለትንሽ ከተማ ቡድን ይህ ሁሉ ከአቅም በላይ ሊሆን ይችላል። የልጆቹን ቁመት በየ3 ወሩ ግድግዳ ላይ መለካትና ከሩጫው ሰዓት ጎን መጻፍ ግን ከሜትርና ከእርሳስ በላይ አይጠይቅም። ልጃቸውን በባቡር ወደ ትልቅ ከተማ ቡድን ለመላክ ከደመወዛቸው የሚቀንሱ ወላጆችም ይህን መዝገብ ለማየት መጠየቅ ይችላሉ። ቡድኖቹ ከ13 ዓመቱ ምርጫ ሌላ በ16 ዓመት ሁለተኛ ሙከራ ቢከፍቱ፣ ቀድሞ የተመለሱትንም በስማቸው ቢጠሩ፣ መዝገቡ ሥራ ላይ የሚውለው ያኔ ነው።