“የሞተ” አምፕሊፋየር ስንት ያወጣል?

ለሰርግና ለስብሰባ አዳራሽ የሚከራዩ ሞንታርቦዎችን የሚያንቀሳቅሰው አምፕሊፋየር ሲበላሽ ገበያው “ሞቷል” ይለዋል። ባለቤቱ በዚህ አነጋገር ተሸንፎ በርካሽ ይለቀዋል፤ ገዢውም ትርፍ ያገኘ ይመስለዋል። ሁለቱም የሚዋዋሉት ግን ውስጡን ሳያዩ ነው።

ብዙውን ጊዜ የሚሞቱት ለስፒከሩ ኃይል የሚሰጡት የመጨረሻዎቹ ትራንዚስተሮች ናቸው። የስፒከር ገመድ ሲነካካ፣ ስፒከር ከአቅም በላይ ሲደረብ ወይም ማራገቢያው በአቧራ ሲታፈን አንደኛው ሾርት ያደርጋል። ያን ጊዜ የመሣሪያው ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ወደ ስፒከሩ ይፈስሳል። 50 ቮልት በ8 ኦም ስፒከር ላይ በስሌት ከ300 ዋት በላይ ሙቀት ነው፤ መከላከያው ካልቆረጠው ስፒከሩም አብሮ ይቃጠላል። ስለሆነም ገዢ አብሮ የሚሸጥለትን ስፒከርም ማስለካት ይኖርበታል።

ፊውዝ እየቀያየሩ መሞከር ጉዳቱን ያበዛል። ደህና ጠጋኝ መሣሪያውን ከኤሌክትሪክ ነቅሎ፣ በካፓሲተሮቹ የተጠራቀመውን አስወግዶ ትራንዚስተሮቹን በቴስተር ይለካል፤ በሁለቱም አቅጣጫ ወደ ዜሮ የሚያሳየው ሞቷል። ከጥገና በኋላም በኤሌክትሪክ መስመሩ ላይ የ100 ዋት አምፖል በተከታታይ አስገብቶ ያበራል። አምፖሉ ብልጭ ብሎ ከደበዘዘ ጥሩ ነው፤ ደምቆ ከቆየ ሾርቱ አልጠፋም ማለት ነው። ለዚህ የሚያገለግለው የድሮው ባለ ክር አምፖል እንጂ ቆጣቢው አይደለም።

ትራንዚስተሩን ብቻ ቀይሮ ማስረከብ ሌላው የኪሳራ በር ነው። ከእርሱ ጋር የተያያዙት አነስተኛ ሬዚስተሮችና የሚነዱት ትራንዚስተሮችም አብረው ሊጎዱ ይችላሉ። እነርሱ ካልታዩ አዲሱ ዕቃ ባበሩት ቅጽበት ይነዳል።

ዋናው አደጋ ግን ማስመሰያው ነው። የቶሺባ 2ኤስሲ5200 እና ጥንዱ 2ኤስኤ1943 ለ230 ቮልትና ለ150 ዋት የተሠሩ ሲሆኑ፣ በዓለም ገበያ አስመስለው በብዛት ይሠሯቸዋል። ጽሑፉ አንድ ነው፤ በውስጡ ያለው የሲሊከን ቁራጭ ግን ከእውነተኛው ያንሳል። በዝቅተኛ ድምፅ ሲሞከር ያለ እንከን ይሠራል፣ ሰርጉ ሲደምቅ ይከዳል። በመሆኑም በዋጋ ከመከራከር ይልቅ መሣሪያው በሙሉ ጭነት ለረጅም ሰዓት እንዲሞከርና የወጣው ዕቃ እንዲመለስ መዋዋል ያዋጣል።

ትራንስፎርመሩ የተቃጠለ እንደሆነ ግን ሒሳቡ ይለወጣል። ከውድ ክፍሎቹ አንዱ እርሱ ስለሆነ፣ መሣሪያውን ለመለዋወጫ መሸጥ ከማስጠገን የተሻለ ሊሆን ይችላል።