ከመርካቶ ቱቦ እስከ ቆቃ ሐይቅ

መርካቶ መሀል ቆሞ ስለ ወንዝ የሚያስብ ገበያተኛ አይገኝም። ነገር ግን ሱማሌ ተራ ከመኪና ሆድ የወረደው የተቃጠለ ዘይት፣ ምናለሽ ተራ በርሜልና ጀሪካን የታጠበበት ውሃ፣ ክረምት ሲገባ ከየጋራ ሽንት ቤቱ ሞልቶ የሚፈሰው ሁሉ መንገድ ዳር ካለው ቱቦ ይገባል። የቱቦው መጨረሻ ደግሞ ወንዝ ነው። ከገበያው በስተምዕራብ በኮልፌ በኩል የሚወርደው ትንሹን አቃቂ ይቀላቀላል፤ በምሥራቅ በሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ሥር የሚያልፈው ባንትይቀጡን ተከትሎ ትልቁ አቃቂ ይገባል። ሁለቱም አባ ሳሙኤል ግድብ ደርሰው ወደ አዋሽ፣ ከአዋሽም ወደ ቆቃ ይዘልቃሉ።

ውሃው ውስጥ ምን ይሆናል?

ፍሳሽ ወንዝ ሲገባ ባክቴሪያዎች ቆሻሻው ላይ ይረባረባሉ፤ እየበሉም በውሃው ውስጥ የሟሟውን ኦክስጅን ይጨርሱታል። በዚህ ረገድ አዲስ አበባ ከመነሻውም አልታደለችም። 20 ዲግሪ የሞቀ ንጹሕ ውሃ በባሕር ጠለል ላይ በሊትር 9 ሚሊ ግራም ገደማ ኦክስጅን ሲይዝ፣ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ግን ከ7 ብዙም አያልፍም። አብዛኛው ዓሣ ከ5 በታች ሲወርድ ይጨነቃል። ላዩ ላይ የተንሳፈፈው የዘይት ሽፋን ሲጨመርበት ደግሞ የጎደለው አየር በቶሎ አይተካም።

ልዩነቱን ለማየት ድንጋይ መገልበጥ ይበቃል። እንጦጦ ግርጌ ከሚፈሰው ጅረት አንድ ድንጋይ ቢያነሡ፣ ሥሩ ተጣብቀው የሚኖሩ ልዩ ልዩ የነፍሳት እጮች ይገኛሉ። ከተማውን አቋርጦ በወረደው ውሃ ውስጥ ግን የሚተርፈው በአብዛኛው ቀይ ትል ነው። ቀይ የሆነው እንደ ሰው ደም ኦክስጅን የሚሸከም ሄሞግሎቢን ስላለው ነው፤ አየር ባጠረው ጭቃ ውስጥ የሚያኖረውም ይኸው ነው። ከዓሣም ወገን አምባዛ ብቅ ብሎ አየር መሳብ ስለሚችል፣ ሌላው በማይችለው ውሃ ይሰነብታል።

ቆሻሻው ሁሉ ግን በባክቴሪያ የሚያልቅ አይደለም። ቆዳ ፋብሪካዎች የሚጠቀሙበት ክሮም አይበሰብስም፤ ከደለሉ ጋር ይተኛል። በወንዙ ውሃ ከሚለማው ቆስጣና ሰላጣ ጋርም ተመልሶ ገበያ ይወጣል። በፍሳሹ ውስጥ ያለው ናይትሮጅንና ፎስፈረስ በበኩሉ ማዳበሪያ ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተሠራውና በ2009 ዓ.ም. ታድሶ ዳግም ሥራ የጀመረው አባ ሳሙኤል ግድብ እምቦጭ የሚወርረው በዚሁ ምክንያት ነው። ቆቃን አረንጓዴ የሚያለብሰውና ጉበት የሚጎዳ መርዝ የሚያመነጨው አልጌም የሚመገበው ከዚሁ ነው፤ በዚያ ላይ የሞጆ ወንዝ የራሱን ፍሳሽ ይጨምርበታል።

ለምን አልተፈታም?

ሕግ ጠፍቶ አይደለም። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ከወጣ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል። ደንብ ቁጥር 159/2001 ለነባር ፋብሪካዎች የ5 ዓመት መሸጋገሪያ ሰጥቶ ነበር፤ ጊዜው ካለፈ ቆይቷል። የአዲስ አበባ አስተዳደርም በደንብ ቁጥር 180/2017 ወንዝ የሚበክለውን በገንዘብ መቅጣት ጀምሯል።

ችግሩ ቅጣት ብቻውን ቱቦ አለመሥራቱ ነው። ቃሊቲ ያለው አዲሱ ማጣሪያ በቀን 100 ሺህ ሜትር ኪዩብ ፍሳሽ ማጣራት ይችላል። ነገር ግን ማጣሪያ የሚያጣራው የደረሰለትን ነው፤ ብዙው የከተማው ቤት ከፍሳሽ መስመር ጋር አልተያያዘም። መምጠጫ መኪና የማያስገባው የመርካቶ ጠባብ መንገድ ውስጥ የሚኖር ሰው ሽንት ቤቱ ሲሞላ የት ይወስደዋል? ሁለተኛው ምክንያት የአስተዳደር ወሰን ነው፤ የሚለቀው አዲስ አበባ ነው፣ ከብቱን የሚያጠጣውና ዓሣ የሚያሰግረው ግን ከታች በኦሮሚያ ያለው ገበሬ ነው። ተጎጂው አቤት የሚልበት ደጅ ሩቅ ነው።

በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው ሸገርን የማስዋብ ፕሮጀክት 56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳርቻ ለማልማት 29 ቢሊዮን ብር ታስቦለት ነበር። ዳርቻው ማማሩ መልካም ነው። ይሁን እንጂ አበባ የተተከለበት ወንዝ ውስጡ ሙት ሊሆን ይችላል። የጽዳቱ ሚዛን መሆን ያለበት በሊትር ያለው ኦክስጅንና ድንጋዩ ሥር የተገኘው ነፍስ ነው። ከተማው ይህንን ቁጥር በየወንዙ፣ በየወሩ ለሕዝብ ያሳውቅ። ጋራዥና ሱቅ ያላችሁም የተቃጠለ ዘይታችሁን በበርሜል አጠራቅሙ እንጂ ቱቦ ውስጥ አትድፉ፤ እዚያው መርካቶ ውስጥ ገዢ አለው።