የጎጃም የጓሮ ዶሮ፤ የተፈለፈሉት ጫጩቶች የት ይገባሉ?

በጎዛምን ወይም በማቻከል አንዲት የሐበሻ ዶሮ 12 እንቁላል ታቅፋ 10 ጫጩት ስታወጣ ጎረቤቱ ሁሉ «እሰይ!» ይላል። ሁለት ወር ቆይቶ ጫጩቶቹን የቆጠረ ሰው ግን አራት ወይም አምስት ካገኘ ደኅና ነው። የቀሩት በብርድ፣ በጭላት፣ በዝናብ፣ በበሽታ አልቀዋል። ባለቤቲቱም «የዶሮ ነገር እንዲህ ነው» ብላ ትተወዋለች። ስለ ዶሮ እርባታ አዘውትሮ የሚጠየቀው ጥያቄ «የትኛው ዝርያ ይሻለኛል?» የሚል ነው። በእኔ እምነት ከዚያ የሚቀድም ጥያቄ አለ፤ የተፈለፈሉት የት ገቡ? ከአሥሩ አምስት ይተርፉ የነበሩትን ስምንት ማድረግ የቻለ ቤት አዲስ ዝርያ ሳይገዛ፣ ጎተራውን ሳያራቁት የዶሮውን ቁጥር ያሳድጋል።

ይህች ዶሮ እንግዳ አይደለችም። የዶሮ ዘር መነሻ በደቡብ ምሥራቅ እስያ ጫካ የሚኖረው ቀይ የዱር ዶሮ ነው። በሰሜን ትግራይ መዝብር በተባለ ጥንታዊ መንደር በቁፋሮ የተገኘው የዶሮ አጥንት ደግሞ ከክርስቶስ ልደት በፊት ወደ 800 ዓመት ገደማ የሚጠጋ ዕድሜ ተሰጥቶታል። በአፍሪካ ከተገኙት የዶሮ አጥንቶች ሁሉ ቀደምት ከሚባሉት አንዱ ነው። በዚህ ሁሉ ዘመን ዶሮዋ ደጋውን፣ ረሃቡንና አውሬውን ለምዳለች። ቀይ፣ ነጭ፣ ጥቁር፣ ገብስማ፣ ወሰራ እየተባለች በላባዋ ትጠራለች፤ ገበያ ላይ ዋጋዋን ከሚወስኑት ነገሮችም አንዱ ይኸው ላባ ነው። ለበዓል ቀይ አውራ ዶሮ ይፈለጋል፤ ጥቁሩን ይዞ የወጣ ሰው ብዙ ይጠብቃል። በአዊ ዞን የቲሊሊ አካባቢ ዶሮዎች በተመራማሪዎች ዘንድ ራሱን የቻለ ስም አግኝተው «ቲሊሊ» ተብለው ተመዝግበዋል።

የሐበሻ ዶሮ እንቁላሏ ጥቂት ነው ተብላ ትወቀሳለች። እውነት ነው፤ ጥሬ ለቅማ የምታድር ዶሮ በዓመት የምትጥለው ከ40 እስከ 60 ቢሆን ነው። ግን ዓመቱን እንዴት እንደምትከፋፍለው ልብ እንበል። ከ12 እስከ 15 እንቁላል ትጥላለች፤ ከዚያ ታቁምና 21 ቀን ትታቀፋለች፤ ከዚያ ጫጩቶቿን ይዛ ሁለት ወር፣ አንዳንዴም ሦስት ወር ትዞራለች። ይህን በዓመት ሦስት አራት ጊዜ ከደገመችው ዓመቱ አለቀ። እንቁላል ጣይ፣ መፈልፈያ እና ሞግዚት ሆና የምትሠራውን አንዲት ዶሮ እንቁላል ብቻ ከምትጥል የፈረንጅ ዶሮ ጋር በቁጥር ማወዳደር ፍርደ ገምድልነት ነው።

ማስታቀፍ ላይ ብዙ ይባክናል። አንዳንዱ ቤት ከወር በላይ የተጠራቀመውን እንቁላል ሁሉ ከሥሯ ይከምርባታል። ለማስታቀፍ የሚሆነው ከአሥር ቀን ያልበለጠው ነው፤ ከዚያ ሲያልፍ የመፈልፈል ዕድሉ በየቀኑ እየቀነሰ ይሄዳል። እስኪታቀፍ ድረስም ምድጃ አጠገብ ሳይሆን ቀዝቀዝ ባለ ቦታ ሰፊው ጫፉ ወደ ላይ ሆኖ ይቀመጣል። በጣም ትልቁ፣ በጣም ትንሹ፣ ቅርጹ የተበላሸውና የተሰነጠቀው ለወጥ ይሁን። ማጠብ አያስፈልግም፤ ውኃ በቅርፊቱ ላይ ያለውን ስስ መከላከያ ያነሳዋል፤ ቆሻሻም በቅርፊቱ ቀዳዳዎች ወደ ውስጥ ይገባል። ለአንዲት የሐበሻ ዶሮ ከ10 እስከ 13 እንቁላል ይበቃታል። ከዚያ በላይ ከሆነ ከጥግ ያሉት ተራ በተራ እየበረዱ ሁሉም ይጎዳሉ። ጎጆዋ ጭድ የተነጠፈበት ሰፌድ ወይም ሰባራ ገንቦ ይሁን፤ ጨለም ያለ፣ ልጆችና ውሻ የማይደርሱበት ጥግ ይምረጡላት። ውኃና ጥሬ በቅርቧ ይቀመጥላት፤ ጠምቷት ርቃ ከሄደች እንቁላሉ ይበርዳል።

በሰባተኛው ቀን ማታ እንቁላሎቹን አንድ በአንድ አንሥቶ ማየት ይገባል። አያቶቻችን ወደ ፀሐይ አድርገው ያዩት ነበር፤ ዛሬ የሞባይል ባትሪ አለ። ጨለማ ክፍል ውስጥ ሰፊውን ጫፍ በመብራቱ ላይ አስደግፈው ሲይዙት ሕይወት ያለው እንቁላል ከመካከሉ አንድ ጥቁር ነጥብ፣ ከዚያም እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጉ ቀያይ የደም ሥሮች ያሳያል። ነጥቡም ሲነቃነቅ ይታያል። አውራ ያልነካው እንቁላል ግን ጥርት ብሎ ብርሃኑን ያሳልፋል። እሱን ማውጣት ለሌሎቹ ሙቀት መጨመር ነው። ከ18ኛው ቀን በኋላ ግን እንቁላሉን መነካካት ይቅር፤ ጫጩቱ መውጫውን እያመቻቸ ነውና።

«ሁልጊዜ ታቅፋ ትቀመጥብኛለች፣ እንቁላል ፈልጌ ነበር» የሚሉ አሉ። በገጠሩ ውኃ ውስጥ ይነክሯታል፤ ቁልቁል ይሰቅሏታል፤ ላባ በአፍንጫዋ ያስገቡባታል። ሥቃይ ነው፤ አስፈላጊም አይደለም። ከሥሯ ነፋስ በሚያሳልፍ ርብራብ ላይ፣ ብርሃን ባለበት ቦታ፣ ጭድ ሳይነጠፍላት ሦስት አራት ቀን ብታድር ሆዷ ይቀዘቅዝና ትተወዋለች። ምግቧና ውኃዋ ግን አይጓደል። ጎረቤት ዘንድ ወስዶ ማቆየትም የቆየና ደግ ዘዴ ነው።

አሁን ጫጩቶቹ ወደሚያልቁባቸው የመጀመሪያዎቹ ስምንት ሳምንታት እንምጣ። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ወደ ጮቄ ተራራ በተጠጉ ቁጥር ብርዱ ይብሳል። ጫጩት በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ያሻታል፤ የምታገኘውም ከእናቷ ክንፍ ሥር ነው። እናትየው ማለዳ ጤዛው ሳይረግፍ ሜዳ ከወጣች ጫጩቶቹ እየራሱ፣ ከኋላ እየቀሩ ያልቃሉ። ስለዚህ ፀሐይ እስክትሞቅ እናትና ልጆች በቤት ይቆዩ። ቢያንስ ለሦስት ሳምንት ደግሞ ከጓሮ አይውጡ። ቤት ያፈራውን ቅርጫት ገልብጦ እናቲቱን ከሥሩ ማስቀመጥ ይቻላል። ጫጩቶቹ በቀዳዳው እየወጡ ይለቅማሉ፤ ጭላት ሲያንዣብብና እናታቸው ስትጮህ ሮጠው ይገባሉ። ጭላትና ጭልፊት በቀን፣ ሽልምጥማጥና ጥርኝ በሌሊት ይመጣሉ። ድመትም ከቤት ውስጥ አለች። የቅርጫት ወጪ ከምንም አይቆጠርም፤ የሚያተርፈው ግን ከማንኛውም መኖ ይበልጣል።

ጫጩት ስትሮጥ ስለዋለች ጠግባለች ማለት አይደለም። እናትየው ጭራ የምታወጣላት ትል ጥሩ ነው፤ አይበቃም። የተፈጨ በቆሎና ገብስ፣ ከኑግ ፋጉሎ ጥቂት ተቀላቅሎ፣ ትልልቆቹ ዶሮዎች በማይደርሱበት ቦታ በቀን ሦስት ጊዜ ቢቀርብላት ዕድገቷ ይፈጥናል። ኑግ በጎጃም የሚበቅል ነው፤ ፋጉሎው ደግሞ የዶሮ ሥጋና ላባ የሚሠራበት ምግብ አለው። ውኃው ጠፍጣፋ በሆነ ዕቃ ይቅረብ፤ ጫጩት ገብታ እንዳትሰጥም ጠጠር ይጨመርበት። ለትልልቆቹ ብጣሪ፣ ግርድ፣ ፍሩሽካ እና የተሰባበረ የእንቁላል ቅርፊት ጥሩ ነው። አተላም ይሰጣል፤ ብቻውን ግን ምግብ አይሆንም። ሦስት ነገር አይሰጥ። አንደኛው የሻገተ በቆሎ ነው፤ ሻጋታው ጉበት የሚያጠፋ መርዝ ይፈጥራል። ሁለተኛው ጨው የበዛበት የወጥ ትራፊ ነው። ሦስተኛው ያልታጠበ ግብጦ ነው። ግብጦ ለሰውም ቢሆን ቀናት በውኃ ተዘፍዝፎ መራራነቱ ሳይወጣ አይበላም።

ከዶሮ በሽታዎች ሁሉ የሚከፋው ፈንግል ነው። ባለቤቱ ማታ 20 ዶሮ ቆጥ ላይ አስፍሮ ያድራል፤ በሳምንቱ ሁለት ሦስት ይቀሩታል። የታመመችው ዶሮ ታኮርፋለች፤ ላባዋን ታንጨፈርራለች፤ አፏን ከፍታ ትተነፍሳለች፤ አረንጓዴ ኩስ ትጥላለች፤ ከቆየችም አንገቷ ይጠማዘዛል። ቫይረስ ስለሆነ መድኃኒት የለውም። በውኃ የሚበጠበጠው ክኒን፣ ሎሚው፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ አረቄው ሁሉ ከፈንግል አያድንም። ገንዘቡም ተስፋውም በከንቱ ይሄዳል። የሚያድነው አስቀድሞ መከተብ ብቻ ነው።

ክትባቱ በአገር ውስጥ፣ ቢሾፍቱ በሚገኘው ብሔራዊ ተቋም ይመረታል። በተለመደው አሰጣጥ ጫጩት በመጀመሪያው ሳምንት ኤች ቢ ዋን የሚባለውን በዓይን ጠብታ፣ ከሦስተኛው ሳምንት ጀምሮ ደግሞ ላሶታን ትወስዳለች፤ ላሶታ ከዚያ በኋላ በየሦስት ወሩ ይደገማል። ሙቀትን ከሌሎቹ በተሻለ የሚቋቋም አይ ቱ የሚባልም አለ። በአውስትራሊያ ለገጠር ዶሮ ታስቦ የተዘጋጀ ነው፤ ማቀዝቀዣ ለሌለበት ቀበሌ ትልቅ ነገር ነው። በዓይን ሲሰጥ ዶሮዋ በጎኗ ትያዛለች፤ አንድ ጠብታ በአንድ ዓይኗ ላይ ይደረጋል፤ ዓይኗን ጨፍና እስክትገልጥ፣ ጠብታውም እስኪሠርግ ሳይለቋት መጠበቅ ነው። ቶሎ ከተለቀቀች ራሷን ታራግፍና ክትባቱ መሬት ይቀራል። በውኃ ሲሰጥ ውኃው ክሎሪን ያልነካው ይሁን፤ ዶሮዎቹ ቀድመው ሁለት ሰዓት ያህል ሳይጠጡ ቆይተው የተሰጣቸውን በአጭር ጊዜ ይጨርሱ።

ችግሩ ብልቃጡ ነው። አንዱ ብልቃጥ 50፣ 100 ወይም ከዚያ በላይ ዶሮ ይከትባል፤ አንድ ቤት ያለው ስምንት ዶሮ ነው። ብልቃጡ ከተከፈተ ደግሞ ለነገ አያድርም። ስለዚህ «ክትባት የለም» የሚባለው ብዙ ጊዜ «ሰው አልተሰበሰበም» ማለት ነው። ዕድር ያለው፣ ማኅበር የሚጠጣ፣ ደቦ የሚወጣ አገር ነው። አሥር ጎረቤት ቀን ቆርጦ ዶሮውን ማለዳ ከቆጥ ሳይወርድ ቢይዝና የቀበሌውን የእንስሳት ጤና ባለሙያ ቢጠራ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ወጪ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ፈንግል ከፋሲካ ግርግር ጀምሮ እስከ ክረምቱ መግቢያ ስለሚበረታ ክትባቱ ቢዘገይ ከመጋቢት አይለፍ። ከገበያ የተገዛች ዶሮም ሁለት ሳምንት ለብቻዋ ትቆይ።

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ነገር መናገር አለብኝ። መንደሩ ውስጥ ፈንግል ገባ ሲባል ሰው ቀሪውን ዶሮ እያሯሯጠ ወደ ገበያ ያወጣል። ድህነት ነው፤ ይገባኛል። ግን በሽታው ከመንደር መንደር የሚሄደው በዚሁ ነው። የታመመ ዶሮ የሸጠ ሰው የሌላዋን እናት የጨው፣ የቡናና የልጅ ደብተር መግዣ ነው የወሰደባት። በጎጃም የዶሮ ገንዘብ የሴቷ ነው፤ በሬውና ጤፉ በባል እጅ ሲሆን እሷ ሳትለምን የምታዝበት ይህን ነው። የሞተውን ለውሻ መጣልም ያው ነው፤ በጥልቅ ይቀበር።

የፈረንጅ ዶሮስ? ይምጣ፤ ግን ምን እንደሚፈልግ ታውቆ። ከኔዘርላንድስ የመጣው ቦቫንስ ብራውን ሙሉ መኖ ካገኘ በዓመት 300 ገደማ እንቁላል ይጥላል፤ ጓሮ ተለቅቆ ጥሬ ልቀም ቢባል ግን ይከሳል እንጂ አይጥልም። መታቀፍንም ትቶታል። ለጓሮ የሚቀርቡት ከደቡብ አፍሪካ የመጣው ኮኮክ፣ ከፈረንሳይ የመጣው ሳሶ እና ከሕንድ የመጣው ኩሮይለር ናቸው። በ2014 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ፣ በታንዛኒያና በናይጄሪያ የተጀመረ የምርምር ፕሮጀክት እነዚህን መሰል ዝርያዎች፣ ከወለጋው የተሻሻለ ሆሮ ጋር፣ በራሱ በገበሬው ጓሮ ፈትኗቸዋል። በ2015 ዓ.ም. የሌማት ትሩፋት የተባለው የመንግሥት መርሐ ግብር ከተጀመረ ወዲህም ጫጩት በየቀበሌው ሲከፋፈል ይታያል። ለሚወስድ ሰው ምክሬ አጭር ነው፤ የአንድ ቀን ጫጩት አይውሰዱ። 45 ቀን የሞላት፣ የተከተበች፣ ላባ ያወጣች ትሁን፤ የክትባቷንም ቀን በጽሑፍ ይጠይቁ። የሐበሻዋም ዶሮ ከቤት አትውጣ፤ የኮኮክ እንቁላል የምትታቀፍልዎ እሷ ናት።

ማደሪያው ከሰው ቤት ይለይ። ከመሬት ግማሽ ሜትር ያህል ከፍ ያለ፣ በጭቃ ያልተደፈነ ነፋሻ ግድግዳ ያለው፣ ለአንዲት ዶሮ 20 ሳንቲ ሜትር የሚደርስ ቆጥ የተሠራለት ትንሽ ቤት ይበቃል። ኩሱ ለጎመንና ለድንች ማሳ ወርቅ ነው። አመድና አፈር የተቀላቀለበት ጉድጓድ አጠገቡ ይቆፈር፤ ዶሮዎቹ እየተንከባለሉ ቅማሉን ራሳቸው ያራግፋሉ።

የሚቀረው ወቅቱን ማወቅ ነው። ገበያውን የሚመራው ጾሙ ነው። በሁዳዴ 55 ቀን እንቁላልና ዶሮ ይረክሳል፤ በፋሲካ ዋዜማ አውራ ዶሮ ይወደዳል፤ ነጋዴውም በደጀን በኩል ዓባይን አሻግሮ አዲስ አበባ ያደርሰዋል። የሐበሻ አውራ ለገበያ የሚደርሰው በስድስትና በስምንት ወር መካከል ስለሆነ ለፋሲካ የሚሸጥ በመስከረም መፈልፈል አለበት። ለዚህም እንቁላሉ በነሐሴ መጨረሻ ይታቀፋል። ጫጩቶቹ የሚወጡት ዝናቡ ሲያባራ ነው። ሁለት ወር ሲሞላቸው ኅዳር ይገባል፤ አውድማው ላይ ጤፍ ይወቃል፤ የረገፈው ሁሉ የእነሱ ነው። በሁዳዴ የተጠራቀመውን ርካሽ እንቁላል ማስታቀፍም ብልህነት ነው፤ ግን በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ውስጥ ይሁን። ከዚያ የዘገየው ጫጩት ገና ለጋ ሳለ ፈንግልና የሰኔ ዝናብ ይደርሱበታል።